አሮጌ ሞተር ሳይክል ሲታመም፦ ስለ ሞተሩና ስለ ማርሚታው (የጭስ ማውጫው) ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

እዚህ የማወራው ካርቡራተር (ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለው ዕቃ) ስላላቸው አሮጌ ሞተሮች ነው። ያማሃ ዲቲና ኤጂ፣ ሱዙኪ ቲኤፍ፣ ሆንዳ ኤክስኤልና ሲጂ፣ ቆየት ያለ ባጃጅ ቦክሰር። በየወረዳው ጽህፈት ቤት ግቢ አቧራ ለብሰው የቆሙትን ማለቴ ነው። አንዳንድ መካኒክ ገና ሳያስነሳው "ፋሻው አልቋል፣ ይፈታ" ይልሃል፤ ፋሻ የሚለው የፒስተኑን ቀለበት ነው። ሊሆን ይችላል። ግን ቁልፍ ከመነሳቱ በፊት ጭሱን እይ፣ ካንዴላውን (እሳት የሚሰጠውን) አውጥተህ አንብብ፣ ድምፁን ስማ። ሦስቱም ብር አይጠይቁም።

ሞተሬ ቱ ስትሮክ ይሁን ፎር ስትሮክ እንዴት ልወቅ? ለውጥስ አለው?

በጣም አለው፤ የሚይዛቸው በሽታ ለየቅል ነው። ፎር ስትሮክ ቫልቭ አለው፣ ዘይቱም ከታች ተቀምጦ ይዞራል እንጂ መቃጠል የለበትም። ቱ ስትሮክ ቫልቭ የለውም፣ ዘይቱን ከቤንዚኑ ጋር አብሮ ያቃጥለዋል። ስለዚህ ትንሽ ማጨሱ የጤና ነው። ዲቲ 125ና 175፣ ኤጂ 100፣ ቲኤፍ 125 ቱ ስትሮክ ናቸው። ኤጂ 200፣ ኤክስኤል፣ ሲጂና ቦክሰር ፎር ስትሮክ። እርግጠኛ ካልሆንክ ቴስታታውን (የሲሊንደሩን ክዳን) እይ፦ ክንፍ ክንፍ ያለው አጭር ክዳን ብቻ ከሆነና ካንዴላው አናቱ ላይ ከተተከለ ቱ ስትሮክ ሳይሆን አይቀርም። ዲቲ ላይ ደግሞ ለብቻው የዘይት ታንከር ታገኛለህ።

ከማርሚታው የሚወጣው የጭስ ቀለም ምን ይነግረኛል?

ብዙ። ግን መቼ እንደሚጨስም ማየት አለብህ፣ ቀለሙ ብቻውን ግማሽ ወሬ ነው።

ጥቁር ጭስ ማለት ቤንዚን በዝቷል ወይም አየር አንሷል። መጀመሪያ የምታየው የአየር ፊልትሮውን (ማጣሪያውን) ነው። በጋ ላይ በገጠር መንገድ የሄደ ሞተር ፊልትሮው ዱቄት ጠጥቶ ታፍኖ ታገኘዋለህ። ቀጥሎ ቾኩ (በብርድ ሲነሳ ቤንዚን የሚያበዛለት) ሙሉ በሙሉ መመለሱን እይ፤ ገመዱ ዝጎ ግማሽ ላይ የቀረ ቾክ ስንቱን ሰው ካርቡራተር አስገዝቶታል። ከዚያ በኋላ ነው የካርቡራተሩን ተንሳፋፊና መርፌ የምትጠረጥረው።

ሰማያዊ ጭስ በፎር ስትሮክ ላይ ዘይት እየተቃጠለ ነው። ጠዋት ሲነሳ ብቻ ቡፍ ብሎ ከጠፋ፣ ሌሊቱን በቫልቭ ጎማዎቹ በኩል የተንጠባጠበ ዘይት ነው። ይህ ርካሽ ጥገና ነው፣ ለጊዜውም አብረኸው መኖር ትችላለህ። ዳገት ላይ ነዳጅ ስትሰጠው ያለማቋረጥ የሚጨስ ከሆነ ፋሻውና ሲሊንደሩ ላይ ነው ነገሩ። ሦስተኛው ዓይነት ብዙ ሰው የሚያምታታው ነው። ጣርማበርን በማርሽ ይዘህ ወርደህ ደብረ ሲና ግርጌ ላይ እንደገና ነዳጅ ስትሰጠው ከኋላህ ሰማያዊ ደመና ከተነሳ፣ ቁልቁለቱ ላይ ነዳጅ ዘግተህ ስትወርድ ሞተሩ ወደ ውስጥ ስለሚስብ በቫልቭ መንገዶቹ በኩል ዘይት ጠጥቷል ማለት ነው። ፒስተኑ ምንም ላይሆን ይችላል።

ነጭ ጭስ ጠዋት ጠዋት በብርድ ከሆነ እንፋሎት ነው፣ ሲሞቅ ይጠፋል፣ ተወው። እነዚህ ሞተሮች በአየር የሚቀዘቅዙ ስለሆኑ የመኪና ሰዎች እንደሚሉት "ውሃ ገብቶበት ነው" የሚለው እዚህ አይሠራም፤ ራዲያተር የለማ። ቱ ስትሮክ ላይ ግን ከሞቀም በኋላ የማይጠፋ ወፍራም ነጭ ጭስ ካየህና የማርሽ ዘይቱ በየሳምንቱ እየጎደለ ከሆነ፣ የኮሎው (ፒስተኑ የሚያዞረው ዘንግ) ኦይል ሲል፣ ማለትም ዘይት የሚያግደው ጎማ፣ በፍሪሲዮን (በክላች) በኩል ተበልቷል፣ ሞተሩ የማርሽ ዘይቱን እየጠጣው ነው።

ካንዴላ "ማንበብ" የሚሉት ምንድነው?

ሞተሩን በደንብ አሙቀህ ሜዳ ላይ ትንሽ ከነዳኸው በኋላ፣ ሚኒሞ ላይ (ነዳጅ ሳትሰጠው በዝግታ እየዞረ) ሳታቆየው አጥፋው፣ ካንዴላውን አውጣ። ሚኒሞ ላይ የቆየ ካንዴላ ሁሌም ጥቁር ስለሚሆን ይዋሻል።

ጫፉ ላይ ያለውን ነጭ ሸክላ ነው የምታየው። ወተት የበዛበት ማኪያቶ የመሰለ ቀለም ካለው ሰላም ነው። እንደ ጥላሸት ጥቁርና ደረቅ ሆኖ በጣት ሲነካ የሚለቅ ከሆነ ቤንዚን በዝቶበታል። ጥቁር ሆኖ የሚያብረቀርቅና እርጥብ ከሆነ ዘይት ነው። ወደ ፀሐይ ስታዞረው አመድ የመሰለ ነጭ ሆኖ፣ ጫፉ ላይ ትንንሽ ፍንጣሪ ብረት የተጣበቀበት ከሆነ ደግሞ ሞተሩን አታስነሳው። ቤንዚን አንሶታል፣ ከልክ በላይ ግሏል፣ ፒስተኑ መቅለጥ ጀምሯል።

ቁጥሩንም እይ። ሲጂ 125 የሚፈልገው ኤንጂኬ ዲ8ኢኤ ነው፣ ክፍተቱ ከ0.6 እስከ 0.7 ሚሊ ሜትር። ኤንጂኬ ላይ ቁጥሩ ሲጨምር ካንዴላው ቀዝቃዛ ይሆናል፤ ሱቁ "ያው ነው" ብሎ ሌላ ቁጥር ከሰጠህ ያው አይደለም። አንድ ቁጥር ብዙ ላይጎዳ ይችላል፣ የጥርሱ ርዝመት ከተለየ ግን ፒስተኑን ሊመታ ይችላል።

ጠዋት አንደኛ ነው፣ ሃያ ደቂቃ ስነዳው ድንገት ይጠፋል፣ ካረፈ ደግሞ ይነሳል። ምን ሆኖ ነው?

ሁለት ተጠርጣሪ አለ፣ ለመለየትም መንገድ ዳር ላይ አንድ ደቂቃ ይበቃል። እንደጠፋ ወዲያው የቤንዚን ታንከሩን ክዳን ክፈት። "ፍስስ" ብሎ አየር ከሳበና ትንሽ ቆይቶ ከተነሳ፣ የክዳኑ መተንፈሻ ቀዳዳ ተደፍኗል። ቤንዚኑ ሲወርድ በቦታው አየር መግባት ስላለበት፣ ካልገባ ቤንዚኑ መውረድ ያቆማል። ቀዳዳውን በመርፌ ጠርገህ ጉዞህን ቀጥል። ለዚህ ካርቡራተር ሦስት ጊዜ ያስፈታ ሰው አውቃለሁ።

ክዳኑ ካልሆነ፣ ገና እንደጋለ ካንዴላውን አውጥተህ የሽቦው ኮፍያ ላይ መልሰህ ሰካው፣ ብረቱን ቴስታታው ላይ አስጠጋውና አንድ ጊዜ ርገጥ። ከካንዴላው ቀዳዳ ግን አርቀው፤ የሚተፋው የቤንዚን ጭጋግ ይቀጣጠላል። እሳቱ ሰማያዊና ጠንካራ ከሆነ ችግሩ ቤንዚን ነው። ከሌለ፣ ወይም ቢጫና ደካማ ከሆነ፣ ቦቢናው ወይም ሲዲአዩ (ሁለቱም ለካንዴላው እሳት የሚልኩ ዕቃዎች ናቸው) ወይም ከማግኔቱ ውስጥ ያለው ጥቅል ሽቦ ሲሞቅ እየተበጠሰ ሲቀዘቅዝ እየገጠመ ነው። ይህን በቀዝቃዛ ሞተር ብትፈትሽ ሁሉም ደህና ሆኖ ታገኘዋለህ፤ መካኒኩም "ምንም የለውም" ብሎ ይመልስሃል። ስለዚህ ሲጠፋ እንጂ ሲነሳ አትፈትሽ።

ቁልቁለት ላይ ነዳጅ ስዘጋ ማርሚታው ይተኩሳል። አደጋ አለው?

አልፎ አልፎ ፑፍ ፑፍ ማለቱ በአሮጌ ሞተር የተለመደ ነው። እንደ ርችት የሚጮህ ከሆነ ግን አብዛኛውን ጊዜ ማርሚታው ከቴስታታው ጋር የሚገጥምበት ቦታ ላይ ያለው ጓርኒሲዮን (ማሸጊያው) አልቋል። በዚያ ክፍተት ንጹሕ አየር ይገባል፣ ያልተቃጠለ ቤንዚን ጋ ሲደርስ ቱቦው ውስጥ ይቀጣጠላል። ጓርኒሲዮኗ ትንሽ ቀለበት ናት፣ ዋጋዋም ብዙ አይደለም፤ አንዴ ከተጨፈለቀች ግን መልሳ አትሠራም፣ ማርሚታውን በፈታህ ቁጥር አዲስ አድርግ። ማርሚታው ደህና ከሆነ ካርቡራተሩ በሚኒሞ በኩል ቤንዚን አሳንሷል ማለት ነው፣ ትንሿን ጂግለር (ካርቡራተሩ ውስጥ ቤንዚን የሚያልፍባትን ቀዳዳ ያላትን ዕቃ) ጥረግ።

ማርሚታው እንደሚተነፍስ እንዴት አረጋግጣለሁ?

መጀመሪያ በዓይን። ከቴስታታው መውጫ ዙሪያ እንደ እስክሪብቶ ቀለም የተረጨ ጥቁር ጥላሸት ካየህ በቃ፣ ሌላ ምርመራ አያስፈልግም። ካልታየህ ጠዋት ሞተሩ ሳይሞቅ የሳሙና ውሃ መጋጠሚያው ላይ ቀብተህ አስነሳው፤ አረፋ ከወጣ እዚያ ነው። ሌላው ዘዴ፣ ወፍራም እርጥብ ጨርቅ ይዘህ ሚኒሞ ላይ እያለ የማርሚታውን ጫፍ ለሁለት ሰኮንድ ያህል መያዝ ነው። ጤነኛ ከሆነ ሞተሩ ታፍኖ ሊጠፋ ይላል፣ ካልሆነ በሌላ ቦታ "ጭጭጭ" እያለ ይተነፍሳል። ከስር ያለውን የታችኛውን ክፍል አትርሳ። አጭር አጭር መንገድ የሚሄድ ሞተር ውስጡ ውሃ ይጠራቀምበትና ማርሚታው ከውስጥ ወደ ውጭ ይዝጋል፣ ከላይ ቀለሙ ያምራል፣ በካቻቢቴ ስትነካው ይገባልሃል።

ዲቲዬ ጉልበት አጣ። ሚኒሞ ላይ ደህና ነው፣ ስፈጥን ግን የታፈነ ይመስላል።

ቱ ስትሮክ ከሆነ ማርሚታውን ጠርጥር፣ ሲሊንደር ውስጥ ከመግባትህ በፊት። የሚቃጠለው ዘይት ዓመት ከዓመት ጥቀርሻ እየሆነ ይከመራል፣ መተንፈሻውንም ያጠባል። በተለይ ዘይት በግምት የሚቀላቀልበት ሞተር ላይ። ጀርባው ላይ ያለችውን ትንሽ ቡሎን ፍታና የውስጠኛውን ቱቦ ሳብ። እንደ ሬንጅ ተጣብቆ እምቢ ካለ ራሱ መልስ ነው። ቱቦውን እሳት ላይ አግለህ ጥቀርሻውን ታራግፈዋለህ፣ ሜዳ ላይ፣ ጭሱን ሳትስብ። የሲሊንደሩን መውጫ ቀዳዳም አጎንብሰህ እየው፤ ፒስተኑ ታች ወርዶ በእንጨት ቢላ ፋቅ ፋቅ ታደርገዋለህ፣ በብረት ግን አትንካው።

ከዚያ በፊት ግን አንድ ነገር አረጋግጥ፦ ድምፁ እየጨመረ ፍጥነቱ ካልጨመረ ሞተሩ አልደከመም፣ ፍሪሲዮኑ ነው የሚንሸራተተው። የኋላ ቸርኬውንም ከመሬት አንስተህ በእጅህ አዙር፤ ፍሬኑ ይዞት ከሆነም ያው "ጉልበት አጣ" ነው የምትለው።

ዘይቱን ስንት ላድርገው?

በእጅ የምትቀላቅል ከሆነ ለእነዚህ አሮጌ ቱ ስትሮኮች በ1 ሊትር ቤንዚን ከ30 እስከ 40 ሚሊ ሊትር የቱ ስትሮክ ዘይት ጥሩ ነው። የመኪና ሞተር ዘይት አታድርግበት። ሌላም ልጨምርልህ፦ ዘይቱ የሚገባው ከቤንዚኑ ጋር ስለሆነ፣ ጎሃ ጽዮንን አልፈህ የአባይ በረሃን ነዳጅ ሙሉ በሙሉ ዘግተህ በማርሽ ብቻ ብትወርድ ሞተሩ በፍጥነት እየዞረ ዘይት አያገኝም ማለት ነው። ፒስተኑ ሊነክስ ይችላል። በየመሀሉ ትንሽ ነዳጅ ስጠው፣ ወይም ፍሪሲዮን ይዘህ በፍሬን ውረድ፣ ፍሬኑንም እያሳረፍክ።

የማርሚታውን ውስጥ አውጥቼ ብጥለው ይፈጥናል?

ይጮሃል። ቱ ስትሮክ ላይ ማርሚታው የሞተሩ አካል ነው፤ ያ ሆዱ የሰፋው ቅርጽ ሊያመልጥ የነበረውን ቤንዚን በግፊት ሞገድ ወደ ሲሊንደር የሚመልስ ነው። ቆርጠህ ስትጥለው ጉልበቱ ይወርዳል። ፎር ስትሮክ ላይ ደግሞ ካርቡራተሩን ካላስተካከልክለት ቤንዚን ያንሰውና ይግላል። ጎረቤትህም ይጠላሃል።

መካኒኩ ኮምፕረሽን (ሲሊንደሩ ውስጥ ያለውን ግፊት) ለክቶ "ወርዷል" አለኝ። ልመነው?

የት ነው የለካው? ይህን ብዙዎቹ መጽሐፎች አይነግሩህም። በመመሪያው ላይ የተጻፈው ቁጥር የባሕር ጠለል ቁጥር ነው። አዲስ አበባ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ የአየሩ ግፊትም ከባሕር ጠለሉ ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። ስለዚህ ታች 12 ባር የሚያሳይ ጤነኛ ሞተር አዲስ አበባ ላይ 9 አካባቢ ቢያሳይ አልታመመም። ደብረ ብርሃን ላይ ከዚያም ይወርዳል። በዚህ ምክንያት በከንቱ ሲሊንደራቸው ቶርኖ ቤት የተጠረበ ሞተሮች አሉ።

አለካኩም ሥርዓት አለው። ሞተሩ ሞቆ፣ ነዳጁ (በእጅ የሚጠመዘዘው) እስከ መጨረሻው ተከፍቶ፣ የመለኪያው መርፌ መውጣት እስኪያቆም ይረገጣል። ነዳጁ ተዘግቶ ከተለካ ቁጥሩ በውሸት ዝቅ ይላል። ከዚያም ፎር ስትሮክ ከሆነ በካንዴላው ቀዳዳ አንድ የሻይ ማንኪያ ዘይት ጨምረህ ድገመው። ከፍ ካለ ፋሻው ነው፣ ንቅንቅ ካላለ ቫልቮቹ ናቸው። መለኪያ ከሌለህ ቀዳዳውን በአውራ ጣትህ ደፍነህ ሰው ይርገጥልህ፤ ጣትህን ገፍቶ የሚያስነሳ ከሆነ ቢያንስ ለመነሳት የሚበቃ ነፍስ አለው።

ይኸው ከፍታ ካርቡራተሩንም ይመለከታል። አየሩ ቀጭን ስለሆነ ደጋ ላይ ሞተሩ ቤንዚን የበዛበት ይመስላል። እዚያ ጂግለሩን ያሳነስክ ሰው ቆላ ስትወርድ ቤንዚን ያንሰሃል፣ ያ ነው ፒስተን የሚያቀልጠው። አፋር ልትሄድ ከሆነ የድሮውን ጂግለር መልስ።

ድምፁስ? ቲክ ቲክ ይላል።

ረጅም ካቻቢቴ አምጣ። ጫፉን ሞተሩ ላይ፣ እጀታውን ከጆሮህ ሥር አጥንቱ ላይ አድርግና ቦታ እየቀያየርክ ስማ። ከላይ በቀጭኑ የሚመታ የቫልቭ ክፍተት ነው። በጎን በኩል ሚኒሞ ላይ የሚንኳኳ የታይሚንግ ካቴና ነው (ሲጂ ላይ አትፈልገው፣ ቫልቮቹን የሚገፋው በዘንግ ነው፣ ካቴና የለውም)። ከታች ከሆዱ የሚመጣ፣ ነዳጅ ስትሰጠው የሚጠነክር ወፍራም ዱም ዱም የቢዬላ (ፒስተኑን ከኮሎው የሚያገናኘው ክንድ) ነው። ይህን ከሰማህ አጥፍተህ ግፋው።

ቲክ ቲክ የሚለውን ግን አትፍራ። የሚያስፈራው ዝም ያለው ቫልቭ ነው። ክፍተቱ ከጠፋ ቫልቩ ሙሉ በሙሉ አይዘጋም፣ የጋለው ጭስ በጠርዙ እያለፈ ያቃጥለዋል፣ ከዚያ ጠዋት አልነሳም ይልሃል። ሲጂ 125 ላይ ክፍተቱ በሁለቱም በኩል 0.08 ሚሊ ሜትር ነው፣ ሞተሩ አድሮ ቀዝቅዞ ሲለካ።

ሚኒሞው ራሱ ከፍ ይላል፣ አይወርድም።

ገመዱ ካልያዘው የማያውቀው አየር እየገባበት ነው። ካርቡራተሩና ሲሊንደሩ መሀል ያለችውን ጎማ በጣትህ አጠፍ አድርጋት፣ ስንጥቅ ታያለህ። ቱ ስትሮክ ላይ በማግኔት በኩል ያለው ኦይል ሲልም ያደርገዋል። ራሱን ችሎ እየጮኸ አልጠፋም ካለህ ቾኩን ሙሉ ሳበው፣ ካልሆነ አራተኛ ማርሽ አስገብተህ ፍሬን ይዘህ ፍሪሲዮኑን ልቀቅ።

ዓመታት ቆሞ ነበር። ምን ላድርግ?

አዲስ አበባ በ2011 ዓ.ም. ክረምት ሞተር ስትገድብ ብዙዎች እንዲሁ ሸፍነው አቆሙት፣ ስለዚህ ይህ ጥያቄ ይበዛል። መርገጫውን አትንካ። መጀመሪያ በካንዴላው ቀዳዳ ትንሽ ዘይት ጨምረህ አሳድረው፣ በማግስቱ በእጅ ቀስ ብለህ አዙረው። የድሮውን ቤንዚን ድፋ፣ የካርቡራተሩን ታች ክፈት። አረንጓዴና ሙጫ የመሰለ ነገር ታገኛለህ፣ ትንሿን ጂግለር የደፈናት እሱ ነው። ማርሚታውን ደግሞ ጫፉን ወደ ታች አድርገህ አራግፈው። አይጥ ከዚህ የተሻለ ቤት አታገኝም።

በሃይላንድ የሚሸጠው ቤንዚን ያበላሸዋል?

ቤንዚኑ ሳይሆን የተቀላቀለበት ነው የሚያበላሸው። ነጭ ጋዝ የገባበት ሞተር ይጨሳል፣ ዳገት ላይ ጠጠር የሚቆላ የመሰለ ድምፅ ያወጣል፣ ሲሞቅ ይደክማል። ነጭ ወረቀት ላይ ሁለት ጠብታ ጣል፦ ንጹሕ ቤንዚን ቶሎ ተኖ ይጠፋል፣ ነጭ ጋዝ ያለበት የቅባት ምልክት ይተዋል።

የማርሚታው ቱቦ ማታ ማታ ቀይ ሆኖ አየሁት።

ቆሞ እየጮኸ ከሆነ ነፋስ ስላላገኘ ትንሽ ሊቀላ ይችላል። እየሄደ ከቀላ ግን ወይ እሳቱ ዘግይቶ ነው የሚሰጠው፣ ወይ ቤንዚን አንሶታል፣ ወይ የጭስ ቫልቩ ጠብቋል። በዚህ ቅደም ተከተል ሳይሆን ከርካሹ ጀምር፦ ቫልቭ፣ ካርቡራተር፣ ከዚያ ታይሚንግ (እሳቱ የሚሰጥበት ጊዜ)።

ዝናብ ስለሆነ ቤት ውስጥ አስነስቼ ብፈትሸውስ?

አይሆንም። ከማርሚታው የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም፣ ሰው ይገድላል። በር መክፈት አይበቃም። በረንዳ ላይ አውጣው ወይም ዝናቡ እስኪያባራ ጠብቅ።

መካኒክ ጋ ስሄድ ምን ልበለው?

"ፒስተን ቀይርልኝ" አትበለው፣ ይቀይርልሃላ። ያየኸውን ንገረው፦ ሲቀዘቅዝ ነው ሲሞቅ፣ ዳገት ላይ ነው ቁልቁለት ላይ፣ ጭሱ ምን ቀለም ነው፣ ዘይት በስንት ጊዜ ትጨምራለህ። ካንዴላውን ሳትጠርግ በወረቀት ጠቅልለህ ውሰድለት። ጎበዝ መካኒክ እሱን አይቶ ነው የሚጀምረው፣ ካንዴላውን ሳያይ ቴስታታ መፍታት ከጀመረ ሌላ ፈልግ። ሥራው ሲያልቅም አሮጌውን ዕቃ አስመልስ፤ "ተቀየረ" የተባለውን ፋሻ በእጅህ ይዘህ ካላየኸው ሒሳብ አትዝጋ።